አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ በቤት የሚብላላው ሻይ

ለዚህ ወር አምድ ከደረሱን ጥያቄዎች ገሚሱ ስለ ኮምቡቻ ነው። ደግሞ አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳር ዳር ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከገላን። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ቦታውን በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል።

ለማያውቁት፦ ኮምቡቻ ስኳር የገባበት ሻይ ተብላልቶ የሚገኝ ጎምዛዛ፣ ትንሽ ጋዝ ያለው መጠጥ ነው። የሚያብላሉት ሁለት ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ዳቦ ከሚያስነሣው ጋር ዘመድ የሆነው ይስት ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጠዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ያንን አልኮል ወደ አሲድ፣ በዋናነት አቼቶ ውስጥ ወዳለው ዓይነት አሲድ ይቀይሩታል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ወፍራም ቆዳ ብዙ ሰው «እንጉዳይ» ይለዋል፤ እንጉዳይ ግን አይደለም፣ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት የሴሉሎስ ድር ነው። እዚህ ላይ ቆዳውን «እናት»፣ ከቀድሞው ጥማቂ የሚቀረውን ጎምዛዛ ፈሳሽ ደግሞ እንደ እንጀራው «እርሾ» ብለነዋል። ከሁለቱ ሥራ የሚሠራው እርሾው ነው። እናቷ ብትጠፋ ጥሩ እርሾ ካለ ሌላ ትወለዳለች፤ እርሾ ከሌለ ግን እናቷ ብቻዋን ብዙ አትረዳም።

የሚከተሉትን መልሶች ያነበበ እንደሚያስተውለው ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አሲዱ ላይ ያርፋል። ሲዘገይ ሻጋታ ይቀድመዋል፤ ሲበረታ ጨጓራና ጥርስ ይነካል፤ የማይሆን ዕቃ ካገኘ ደግሞ የዕቃውን ብረት አሟሙቶ ሆድ ውስጥ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ *ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት አድርጌ ሦስት ሊትር ጣልኩ። በሰባት ቀን ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ገና ስኳር ስኳር ይላል። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ጀማምሮታል። ሻጋታ ነው ወይስ አዲሷ እናት? — ወ. መ.፣ ከሱሉልታ*

መልስ፦ ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው ቤት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ይሆናል፤ የእርስዎ ጓዳ ግን አይደለም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀን ፀሐይ ቢወጣም ግድግዳው ብርዱን ይዞ ይውላል። ኮምቡቻ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ባለበት ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። በ18 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ባክቴሪያው ያንቀላፋል። ሻጋታ ግን ብርድ አያስፈራውም፤ አሲዱ እስኪነሣ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ለሱ ይመቸዋል።

አሁን ያለውን ለመለየት ዕቃውን ሳይነቀንቁ ወደ መስኮት ጠጋ አድርገው ከላይም ከጎንም ይዩት። አዲስ እናት ስትወለድ የምትመስለው የፈላ ወተት ላይ የሚረጋውን ስልባቦት ነው፤ እርጥብ፣ ልሙጥ፣ ክሬም የሚመስል፣ ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን የሚሞክር። ሥሯ አረፋ ሊያቁር ይችላል፤ ቡናማ ክር መሳይ ነገርም ቁልቁል ይንጠለጠልባታል። ያ ይስት ነው፣ አይጎዳም። ሻጋታ ደግሞ የከረመ እንጀራ ላይ የሚያውቁት ነው፦ ደረቅ፣ ጸጉራም፣ ክብ ክብ ደሴት የሚሠራ፣ ሲጀምር ነጭ ሆኖ ቆይቶ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሚሆን። ሁልጊዜ አየር በሚያገኘው ደረቅ ገጽ ላይ እንጂ ፈሳሹ ውስጥ አያድግም። ሁለቱን መለየት ካቃተዎት ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ሻጋታ ከሆነ ጸጉሩ ራሱ ይናገራል። እስከዚያ ግን አይቅመሱት።

ሻጋታ ሆኖ ከተገኘ ፈሳሹም እናቷም አብረው ይደፋሉ። ከእንጀራ ላይ ሻጋታ ፍቆ መብላት የለመደ እጅ እዚህም «ላዩን ብቻ ላንሣው» ይላል። አይሆንም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ወደ ፈሳሹ ይወርዳል፣ በዓይንም በምላስም አይታወቅም። ዕቃውን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቅልቀው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት አቼቶ ያዙሩበት።

ለቀጣዩ፣ ለ3 ሊትር ልኩ እንዲህ ነው። 2 ሊትር ተኩል ውሃ አፍልተው 20 ግራም ጥቁር ሻይ ቅጠል፣ ማለትም በሾርባ ማንኪያ 3 ልክ ልኩን፣ ጨምረው ለ15 ደቂቃ ይተዉትና ያጥልሉት። 240 ግራም ስኳር፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ገደማ፣ ገና ትኩስ እያለ ያሟሙበት። ከዚያ ይቀዝቅዝ። ዕቃውን ከውጭ ሲነኩት ሙቀት የማይሰማዎት እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ትኩስ ሻይ ላይ እናት መጨመር መቀቀል ነው። ሲቀዘቅዝ እርሾውን ይጨምሩ፤ በሞቃት አገር 300 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ እንደ እርስዎ ባለ ብርድ ግን 500 ያድርጉት። የእርሾው ማነስ ብርዱን ያህል ሻጋታ ይጋብዛል። እርሾ ካጠረዎት 2 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምሮ ማጎምዘዝ ይቻላል።

አፉን ሁለት እጥፍ በሆነ አቡጀዲ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት። ስስ ሻሽ አይሆንም፤ ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ታልፈዋለች፣ እንቁላሏን እናቷ ላይ ትጥላለች። ዕቃውን ካርቶን ውስጥ አድርገው አጠገቡ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ያኑሩለት። ብዙ ሰው በጋቢ ይጠቀልለዋል፤ ጋቢ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ከየት ያመጣል? ምጣድ አጠገብም አይሁን፤ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ በሌላ በኩል ይበላሻል።

አንድ ወጪ ቢያወጡ የፒኤች ወረቀት፣ ማለትም የአሲዱን ብርታት በቁጥር የሚያሳይ ወረቀት ይግዙ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ የበረታ ነው፤ የላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አያጡትም። እርሾ በጨመሩበት ቀን ንባቡ 4.5 ወይም ከዚያ በታች ይሁን። በ7ኛው ቀን ከ4.2 በላይ ከሆነ ይድፉት። ለመጠጥ የሚሆነው ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው መካከል ነው፤ ከ2.5 ከወረደ ለእርሾነት ወይም ለሰላጣ ያውሉት።

የሻይ ቅጠሉን ነገርም አንርሳ። ቅርንፉድና ቀረፋ የተቀላቀለበት ሻይ ለዚህ አይሆንም። ጥርስ ሲያም የሚያዘው ቅርንፉድ ከማደንዘዙ ሌላ ጀርምም ይገድላል፤ እዚህ ደግሞ የምንፈልገውን ጀርም ይገድልብናል። ጦስኝም ጤና አዳምም እንደዚሁ። ከውሽውሽም ይሁን ከጉማሮ የመጣ፣ ምንም ያልተጨመረበት ጥቁር ሻይ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ *ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነን። ውሃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሮቶ ውስጥ እናጠራቅማለን፣ ውሃ አጋርም እንጨምርበታለን። በዚህ ውሃ ይሠራል? አሲዱስ ጀርሙን አይገድለውም ወይ? — ሰ.*

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን አፍልተው። ውሃ አጋር ውስጥ ያለው ክሎሪን ከውሃው ጀርም ጋር የእናቷንም ጀርም ያዳክማል፤ ክዳን ሳይደረግ ሲፈላ ተንኖ ይሄዳል። የሮቶውን ታች ላይ የሚቀዳ ዝቃጭ ያለበት ውሃ አይጠቀሙ።

አሲዱ ብዙ ጀርም መግደሉ እውነት ነው፤ ግን ሥራውን የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሻዩ ስኳር ያለበት ለብ ያለ ውሃ ማለት ነው፤ ለማንኛውም ባክቴሪያ ግብዣ ነው። አተት ባለበት ወቅት ደግሞ «ይጎመዝዛልና አይጎዳም» ብሎ መተማመን አይገባም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን ጀርም ይገድላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው ግን መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይጨምርበት። እጅም ይታጠብ፤ ቀለበት አውልቆ።

ጥያቄ፦ *እናቴ ጠላ የምትጠምቅበት በወይራ የሚታጠን ጋን አለ። ቆንጆ ቀለም የተቀባ የሸክላ ማሰሮም አለኝ። ለኮምቡቻ የትኛው ይሻላል? ጀሪካንስ? — የሰበታ አንባቢ*

መልስ፦ አንዱም። ቀለም የተቀባው ማሰሮ ከሁሉም የከፋ ነው። የሸክላና የሴራሚክ ዕቃ የሚያብለጨልጨው ሽፋን እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት ሊይዝ ይችላል። ወጥ ቢቀመጥበት ምንም የማይሆን ዕቃ ኮምቡቻ ለሁለት ሳምንት ሲተኛበት አሲዱ እርሳሱን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። ይህ ግምት አይደለም፤ አውስትራሊያ ውስጥ ባልና ሚስት በሴራሚክ ማሰሮ የጣሉትን ኮምቡቻ ለወራት ሲጠጡ ቆይተው በእርሳስ መመረዛቸው በሐኪሞች ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። እርሳስ አይሸትም፣ ጣዕሙን አይለውጥም፤ ድካም፣ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሕፃናት ላይ አእምሮን ይጎዳል።

ጋኑ ሌላ ጣጣ አለው። ያልተለበጠ ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ የጠላውን አተላና ጌሾ ይዞ ይቀመጣል፣ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ ፍጹም አይጠራም። ለጠላ ይህ ጸጋው ነው፤ የእናትዎ ጠላ እንዲያ የሚጣፍጠው በከፊል ለዚህ ነው። ለኮምቡቻ ግን ማን እንዳደረ የማይታወቅ ቤት ነው። ጋኑን ለጠላው ይተዉለት።

ከቁርጥራጭ ብረት እየቀለጠ የሚሠራው የአሉሚኒየም ድስትም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብና ነሐስም በአሲድ ይሟሟሉ። ሻዩን ለማፍላት ብቻ ከሆነ የማይዝግ ብረት ድስት መልካም ነው። ዘይት ወይም ሌላ ነገር የነበረበት ጀሪካን አይሁን፤ ሽታውን እንኳ መቼም አይለቅም። የሚያስፈልግዎት አፈ ሰፊ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ውስጡ ቀለም የሌለው የብርጭቆ ዕቃ ነው። የማርና የኦቾሎኒ ቅቤ ትልልቅ ብርጭቆዎች ይበቃሉ፤ አንድ ትልቅ ከማጣት ሦስት ትንንሽ ይሻላል። አንዱ ቢሻግት ሁለቱ ይተርፋሉና።

ጥያቄ፦ *ጨጓራዬን ለዓመታት ያመኛል፤ ባክቴሪያም አለብህ ተብያለሁ። ጎረቤቴ ኮምቡቻ ጨጓራም ስኳርም ይፈውሳል ብላ የኮምቡቻውን እናት ሰጠችኝ። እውነት ነው? ባለቤቴ የስኳር ታማሚ ናት። — ተ. ገ.፣ ከቡራዩ*

መልስ፦ ጎረቤትዎ ክፉ አላሰቡም፤ ግን ለጨጓራዎ አልሰጡዎትም።

ኮምቡቻ ከሎሚ ውሃ ብዙም የማይርቅ አሲድ ነው። የተቆጣ ወይም የቆሰለ ጨጓራ ላይ ሲወርድ ያቃጥላል፤ ቃር ላለበት ሰው ደግሞ ጋዙም ተጨምሮ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ደግሞ አሲድ ውስጥ መኖር የለመደ ነው፤ በኮምቡቻ አይሄድም፣ የሚሄደው ሐኪም አብሮ በሚያዛቸው ፀረ ባክቴሪያዎችና አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ነው። ሕክምናውን ጀምረው ከሆነ ሌላም ነገር ይጠንቀቁ። ከሚታዘዙት መካከል ሜትሮኒዳዞል ሊኖር ይችላል፤ ለአሜባና ለጃርዲያም የሚሰጠው ይኸው ነው። እሱን እየወሰዱ፣ ካቆሙም በኋላ 3 ቀን እስኪያልፍ አልኮል ያለበት ነገር አይጠጣም፤ በቤት የሚሠራ ኮምቡቻ ደግሞ አልኮል አለበት። ቲኒዳዞልም እንደዚሁ ነው።

የስኳሩ ወሬ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ዋሽንግተን የሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነት ሁለት ስኳር ላለባቸው 12 ሰዎች በቀን 240 ሚሊ ሊትር ለ4 ሳምንት ሰጥተው፣ በባዶ ሆድ የተለካው አማካይ የደም ስኳር ከ164 ወደ 116 ወርዶ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። 12 ሰው ግን የአንድ ዕድር ድንኳን ጥግ አይሞላም፤ የጠጡትም መጠኑ ተለክቶ የተመረተ ኮምቡቻ ነው እንጂ የቤት አይደለም። ተመራማሪዎቹም ሙከራ ብለው ነው ያቀረቡት። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ የማስረጃ ግምገማ ኮምቡቻ በሽታ እንደሚፈውስ በሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር አላገኘም። «ጉበት ያጸዳል» የሚለውም ከዚያ አልተሻለም።

ለባለቤትዎ የሚበጀው ሒሳቡን ማወቅ ነው። በሊትር 80 ግራም ስኳር ገብቶበት በሳምንት የሚወርድ ኮምቡቻ ከግማሽ የማያንስ ስኳሩ ገና አለ። አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ከ2 እስከ 3 መሆኑ ነው። ከለስላሳ ያነሰ፣ ከውሃ የበለጠ። መድኃኒቷን ግን በዚህ ተማምና እንዳትተው።

ጥያቄ፦ *የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ያምረኛል። ወንድሜም የኤችአይቪ መድኃኒት ይወስዳል። ሁለታችንም ብንጠጣ ምን አለበት? — ከለገጣፎ*

መልስ፦ እርስዎ እስኪወልዱና ጡት ማጥባት እስኪያበቁ ይቅርብዎ። አልኮሉ ትንሽ ቢሆንም ልኩ አይታወቅም፤ ያልተቀቀለ ሕያው ጀርም ያለበት መጠጥ ነው፤ ሻዩ ደግሞ ከምግብ የሚገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ በዚህ ጊዜ ብረት ያስፈልግዎታል። አምሮት ካስቸገረ ሎሚ በውሃ ያንን ጎምዛዛ ያስታግሳል።

ወንድምዎ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደ የመከላከል አቅሙ ጥሩ ከሆነም ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ይነጋገር፤ አቅሙ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን የቤት ኮምቡቻ አይጠጣ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ መጠጥ አቁመው ራሳቸውን የሚጠብቁ፣ ትንንሽ ልጆችም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ልጅ ከለመነዎት ብርዝ ይስጡት፤ ያልቆየ ብርዝ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ።

ጥያቄ፦ *ዝንጅብል ጨምሬ በአረቄ ጠርሙስ አሸግኩት። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ፈነዳ፤ ስባሪው ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ስኳር እኮ አልጨመርኩም! — አ.፣ ከገላን*

መልስ፦ እግዚአብሔር ያተረፈዎት ሌሊት ስለሆነ ነው። ስኳር አልጨመሩም፤ ግን ውስጡ የቀረ አለ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 4 ግራም ስኳር ሲብላላ አንድ ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ለስላሳ መጠጥ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው 4 ሊትር ያህል ጋዝ ነው። የእርስዎ ጠርሙስ በሊትር 40 ግራም ስኳር ቀርቶት ከነበረ፣ ሁሉም ቢብላላ 10 ሊትር ጋዝ ማለት ነው። የአረቄ ጠርሙስ ደግሞ ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ ብርጭቆው ስስ ነው። አራት ማዕዘን ጠርሙስ ከሱም ይብሳል፣ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ገላን ከሱሉልታ ይልቅ ሞቃት መሆኑም አፋጥኖታል፤ ዝንጅብሉም የራሱን ይስት ይዞ ይመጣል።

እኛ የምንመክረው ለስላሳ የነበረበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሰው ያናንቀዋል እንጂ የተሠራው ለጋዝ ነው፣ ቢፈነዳም አይወጋም። ከአፉ 4 ጣት ያህል አጉድለው ሞልተው ይክደኑ። በየቀኑ ጨበጥ ያድርጉት፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቀን ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። በብርጭቆ ካሸጉ ወፍራም የቢራ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ይሁን፣ በካርቶን ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ በየቀኑ ቡሹን ላላ አድርገው ያስተንፍሱት። መብራት ለአንድ ቀን ከጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውም ሥራውን ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ቀዝቅዞ እስኪያድር አይክፈቱ። ሲከፍቱም ፊትዎን ዞር፣ ጠርሙሱን በፎጣ።

ጥያቄ፦ *አልኮል አለው ወይስ የለውም? ለሙስሊም ይሆናል? ለጾምስ? — ሁለት ጎረቤታሞች፣ ከዓለም ባንክ*

መልስ፦ አለው። ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 3 በመቶ፤ ታሽጎ ሲከርም ወደ ላይኛው ይጠጋል። ቀለል ያለ ጠላ እዚያ አካባቢ ይጀምራልና «ሻይ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ 0.5 በመቶ የደረሰ ኮምቡቻ እንደ አልኮል መጠጥ ይቆጠራል። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የለበትም። ከዚህ በኋላ ያለው ፍርድ የኛ ሳይሆን የሃይማኖት መምህሮቻችሁ ነው።

ጥያቄ፦ *የኮምቡቻዬን እናት የማኖረው ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጋር በግድግዳ የሚዋሰን ኩሽና ነው። ቁስል ላይ ቢያደርጓት ቶሎ ታድናለች ሲሉም ሰምቻለሁ። — ከሰንዳፋ*

መልስ፦ በፍጹም ቁስል ላይ አያድርጓት። በኢራን፣ በአንድ የገጠር መንደር፣ ሰዎች ሕመም ያስታግሣል ብለው ይህችኑ እናት ቆዳቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። 20 ሰዎች በቆዳ አባ ሰንጋ ተያዙ። እናቷ የተያዘችው ከብት ባለበት፣ ንጽሕና በጎደለው ቦታ ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። አባ ሰንጋ ከብት አርቢ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የማይታወቀው ዘሩ አፈርና አቧራ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየቱና አሲድም ሙቀትም በቀላሉ የማያጠፋው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ከበረቱ ያርቁት፤ መኝታ ቤትም ቢሆን ይሻላል። ሣርና እበት የነካ እጅ፣ የላም ጡት የታጠበበት ባልዲ፣ በረት የተጠረገ ዕለት የሚነሣው አቧራ፣ ሁሉም ከአቡጀዲው ይራቁ። ያለችዎት እናት እዚያ የኖረች ከሆነች ጥለው ከንጹሕ ቤት ሌላ ይለምኑ። የትም ሞልታለች።

ጥያቄ፦ *ሠርቼ ለካፌዎች ልሸጥ አስቤያለሁ። — ከለገጣፎ*

መልስ፦ ለራስ መጣልና መሸጥ ይለያያል። የንግድና የምግብ ደኅንነት ፈቃድ፣ በየጥማቂው የተመዘገበ ፒኤች፣ በላብራቶሪ የተለካ አልኮል፣ እስከ ካፌው ድረስ የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ ታሽጎ የሚሸጥ ጠርሙስ ፀሐይ ባለበት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ፈንጂ ነው።

ጥያቄ፦ *በቀን ምን ያህል ልጠጣ? ሰው ገደለ የሚባለውስ? — ደ.፣ ከሆለታ*

መልስ፦ የሚባለው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከአዮዋ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1995 በየቀኑ ለሁለት ወር ያህል የቤት ኮምቡቻ ሲጠጡ የቆዩ ሁለት ሴቶች በጠና ታመሙ፤ ደማቸው ውስጥ አሲድ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ ነበር። አንዷ ሞተች፣ አንዷ ዳነች። ሁለቱም የተጠቀሙባት የኮምቡቻ እናት ከአንድ ዘር የተገኘች ነበረች፤ ከዚያው ዘር የጠጡ ሌሎች ብዙ ሰዎች ግን ምንም አልሆኑም። ኮምቡቻው ሲመረመር የታወቀ መርዝ አልተገኘበትም፣ ምክንያቱም አልተረጋገጠም። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ ለጤነኛ ሰው በቀን 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይጎዳ እንደሚችል፣ ሌላ ሕመም ያለበት ወይም አብዝቶ የሚጠጣ ግን ለአደጋ ሊጋለጥ እንደሚችል ጽፏል።

120 ሚሊ ሊትር ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ነው፤ እኛም ከዚያ እንዲያልፉ አንመክርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የግማሹን ግማሽ ይጠጡና ሁለት ቀን ሆድዎን ያዳምጡ። በባዶ ሆድ አይሁን፤ ግን ከምግብ ጋርም አይሁን፣ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ይሻላል፣ ብረቱን እንዳይሻማ። ከጠጡ በኋላ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎን ግን ወዲያው አይቦርሹ፣ አሲዱ ያላላውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋልና ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ማስታወክ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ቢጫ የሆነ ዓይን ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥ ካዩ መጠጡን አቁመው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሐኪሙ «ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ?» ሲል ብዙ ሰው ሻይ ብሎ ያልፋል። ኮምቡቻ መሆኑን ይንገሩት፤ ከስንት ቀን በፊት እንደጣሉት፣ በምን ዕቃ እንደጣሉት፣ ከጠርሙሱም የተረፈውን ይዘው ይሂዱ።